ባንዲራው የተነሳው መቼ ነው

ሽታው ከሰውየው በፊት ደረሰኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ከዌምብሊ በሚነሳው አውቶቡስ ላይ፣ ለሽማግሌ በተተወው የፊት ወንበር ተቀምጬ መንገዱን ሳይ፣ ከኋላዬ ያ አፍንጫ የሚሰረስር የጡንቻ ቅባት መጣ። የማያውቀው ሰው የመድኃኒት ቤት ሽታ ይለዋል። እኔ ግን አውቀዋለሁ። የጭቃ፣ የእርጥብ ካልሲና የቀዝቃዛ መልበሻ ክፍል ሽታ ነው፤ የወጣትነቴ ቅዳሜዎች ሽታ ነው። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ለአፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ዞር ብዬ አየሁና ደስታዬ እዚያው ቀረ። ቅባቱን ጉልበቱ ላይ የለቀለቀው ተኽለ ነበር።

«ኧረ በየነ ባንዲራ!» አለ፣ አውቶቡሱ ሁሉ እንዲሰማለት። «አልሞትክም እንዴ?»

«አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?»

ከአጠገቡ ልጁ ሰናይት ተቀምጣለች። በወረዳው ካውንስል የኪራይ ቤት ጉዳይ የምትሠራ፣ ራሷ ልጆች ያደረሰች ሴት ናት። ክርስትናዋ ላይ ለንደን ያለ ሐበሻ ሁሉ ሲጠራ እኔ አልተጠራሁም። ልጅቷ ግን ጨዋ ናት፤ ጨዋነቷን ከእናቷ ነው ያገኘችው።

«ጋሽ በየነ፣ እንደምን ነዎት? ሶሪ፣ ጉልበቱን አሞት ነው ቅባቱን ያበዛው።»

«ጉልበቱን ትቶ ምላሱን ቢያመው ኖሮ ስንቶቻችን በዳንን» አልኳት። እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ወዴት እንደምንሄድ አልተጠያየቅንም። ሁለታችንም የምንሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው። የድሮው ክለባችን በድሮው ሜዳው ላይ የመጨረሻ ጨዋታውን የሚያደርገው ያን ዕለት ነበር። ሜዳው ተሽጧል፤ ፎቅ ሊሠራበት ነው። ክለቡ ከከተማው ዳር የሌላ ክለብ ሜዳ ላይ በተከራይነት ሊጫወት ነው ተብሏል። ለመሰናበቻው የድሮ ሰዎች ሁሉ እንዲመጡ ወሬው በየስልኩ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። የደረሰኝ በስህተት ይመስለኛል፤ ከዚያ ሜዳ የተባረርኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ በግልጽ ልናገር። ያ ሰው ይህን ያህል ዘመን በየሠርጉ፣ በየክርስትናውና በየለቅሶው የሚያወራብኝ አንድ ውሸት አለ፤ ያ ሜዳ ሳይፈርስ፣ ነገሩ በተፈጸመበት ቦታ ቆሞ፣ እውነቱን ከራሱ አፍ መስማት ፈልጌ ነው።

አውቶቡሱ በትልቁ ስታዲየም አጠገብ ሲያልፍ ቱሪስቶች ያን ትልቅ ቅስት ፎቶ ያነሱ ነበር። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ ቅስት የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት ነጭ ማማዎች ነበሩ፤ ጭጋግ ሲሆን አናታቸው ብቻ የሚታይ። ያኔ ጎማ ይጠገንበትና ያገለገለ ፍሪጅ ይሸጥበት የነበረው ጥግ አሁን መስኮቱ በወጉ የማይከፈት ፎቅ ተደርድሮበታል፤ ከሥሩ አንድ ኩባያ ቡና እኔ ድሮ ለሳምንት አውቶቡስ በማወጣው ገንዘብ ይሸጣል። ገዝቼ አላውቅም፣ አልገዛምም። ያን ጊዜ ሻይ በሃያ ፔንስ ነበር፤ ማንኪያው እንዳይሰረቅ ከጠረጴዛው ጋር በሲባጎ ይታሰራል፤ ሻዩ ግን ሻይ ነበር።

ክለቡን ለማያውቅ ልንገር። እንግሊዞች ኳስን የሠሩት እንደ መሰላል ነው። የላይኛውን እርከን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ አዲስ አበባ ያለ ሊስትሮ እንኳ የአጥቂዎቹን ደሞዝ ይነግርሃል። መሰላሉ ግን ከዚያ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ጋዜጣም ሬዲዮም ስሙን ከማይጠራው ቦታ ይደርሳል። እዚያ ታች አገር አቀፍ የሚባለው ያበቃና የክልል ሊጎች ይጀምራሉ፤ ተጫዋቾቹ ሰኞ ሥራ ስላለባቸው ሩቅ እንዳይጓዙ በየአካባቢው የተከፋፈሉ ሊጎች ናቸው። የሚጫወተው ቧንቧ ሠሪ፣ ፖስተኛና ጣሪያ ጠጋኝ ነው። ጥሩ የጨረሰ አንድ እርከን ይወጣል፣ የባሰበት አንድ እርከን ይወርዳል። ሰው ከዚያ ጭቃ ተነስቶ፣ እርከን በእርከን፣ በኳስ እንጀራ ወደሚበላበት ቦታ ሊደርስ ይችላል፤ አንዳንዱም ደርሷል። የእኛ ክለብ የዚያ ዓይነት ሊግ የታችኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር። በሰፈሩ ድሮ ሻማ የሚሠራበት ፋብሪካ ስለነበረ ቅጽል ስሙ «ሻማ ሠሪዎቹ» ነው።

ክለቡን ያገኘሁት በራሴ ነው፤ ያሳየኝ ሰው የለም። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ፣ የተሳፋሪ ምግብ የሚዘጋጅበት ቦታ ትሪ አጥብ ነበር። ትምህርቴን ያቆምኩት ደሴ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ያስተማርኩት ራሴን በራሴ ነው፤ ዲግሪ ይዘው የመጡት ሰዎች የጋዝ ሒሳብ ወረቀታቸውን ማንበብ አቅቷቸው እኔ ቤት ይመጡ ነበር። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከተሳፋሪዎች ትሪ ጋር ከሚመለስ ጋዜጣ ነው። ሾርባ የፈሰሰበትን ገጽ እያደረቅሁ አነብ ነበር፤ አንዳንድ ዜና መጨረሻውን ዛሬም ድረስ አላውቀውም፣ ሾርባው በልቶታል። አንድ ቅዳሜ፣ ከሆሎዌይ የአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዛኋትን፣ የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሷትን፣ ትከሻዋ ላይ ቆዳ የተሰፋባትን ካፖርት ለብሼ ስዞር ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ጩኸት ሰማሁ። ግንቡን ተከትዬ በሩን አገኘሁ። በሩ ላይ ያለው ሰው በእጥበት የተላጠ እጄን አየና፣ ግማሹ ጨዋታ አልቋል ብሎ በነጻ አስገባኝ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቅዳሜዬ እዚያ ሆነች። መጀመሪያ ቆሜ አየሁ፣ ቀጥሎ መረብ መስቀል ጀመርኩ፣ ቀጥሎ መስመሩን በኖራ የማሰምረው እኔ ሆንኩ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው መስመር እንደ እባብ ነበር የሚሄደው። እኔ ሳሰምር የጎብኚ ክለብ ሰዎች ቆመው ያደንቁ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጨዋታውን ሕግ የያዘች ትንሽ መጽሐፍ ሻይ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሳ አገኘሁና፣ መዝገበ ቃላት ጎን አስቀምጬ ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብኳት። በዚያ ክለብ ውስጥ ሕጉን ሙሉ ያነበበ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ስል ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ አሠልጣኙ ሬይ ራሱ አላነበበም። ሬይ ሥጋ ሻጭ ነበር፤ አንገቱ ቀይ፣ ድምፁ ሦስተኛው መንገድ የሚሰማ። ግን ልቡ ፈሪ ነበር። ጨዋታ ሲከብድ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ማየት አይችልም፤ ሲጋራ ለኩሶ ፊቱን ወደ ግንቡ ያዞርና ውጤቱን ከሕዝቡ ጩኸት ነበር የሚሰማው። ተጫዋቾቹ ሁሉ በዚህ ይስቁበት ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው፣ ወደ ግንብ ዞሮ አስመስሎ የሚያሳየው፣ ተኽለ ነበር።

ተኽለን ወደ ክለቡ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ሲያወራ ይዘለዋል። ሆሎዌይ አካባቢ ባለ መናፈሻ ውስጥ፣ ከአስመራ ይዞት የመጣውን ቡናማ የቆዳ ጃኬት የጎል ምሰሶ አድርጎ፣ አፍንጫው ሹል የሆነ ጫማ እንደተጫማ፣ ከስደተኞች ጋር ሲጫወት አየሁት። የኋላ ኪሱ ውስጥ ማበጠሪያ አለች፤ ጎል ባገባ ቁጥር ያወጣትና ፀጉሩን ያበጥራል። ዓይን አለኝ፤ ሰውየው ተጫዋች መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። ወስጄ ለሬይ ሰጠሁት፤ በወሩ የክለቡ ዋና አጥቂ ሆነ። የእሱ አገርና የእኔ አገር ያን ጊዜ አንድ ነበሩ፣ በኋላ ሁለት ሆኑ፤ በእኛ በሁለታችን መካከል ግን ድንበሩ የተሰመረው ከዚያ በፊት ነው። እስከዚያ ድረስ በአንድ ክፍል ኖረናል። ቅዳሜ ከጨዋታ በኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቺፕስ ገዝተን፣ ኮምጣጤው ጣታችንን እያቃጠለን፣ በሆሎዌይ መንገድ እየበላን እንሄድ ነበር። ክፍላችን ስንደርስ ካሴቱን ይከፍታል፣ ቴፑ ሲያለቅስ በእርሳስ እየጠመዘዝኩ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ።

አውቶቡሱ ፌርማታችን ደረሰ። ተኽለ ምርኩዙን ይዞ ለመውረድ ሲንገዳገድ ክንዱን ያዝ አደረግሁት።

«ልቀቀኝ» አለ። «አንተ የያዝከው ነገር አይረባም። ባንዲራም ይዘህ አይተንሃል።»

«ዳዲ፣ ፕሊስ» አለች ሰናይት። «ዛሬ እንኳ?»

ሜዳው እንደ ድሮው ነው። ግንቡ ያው፣ ሐዲዱ ያው፣ ሻይ ቤቱም ያው። መስመሩ ግን ጠማማ ነበር፤ ገና ከበሩ አየሁት። ከፎቁ ሻጮች የመጡ ሰዎች ንጹሕ ጫማ አድርገው በሜዳው ጥግ ቆመዋል፣ አንዱ በጣቱ እየጠቆመ የት ምን እንደሚቆም ያስረዳል። ጎሉ ያለበት ቦታ የቆሻሻ መጣያ ክፍል ይሆናል ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ያ ጎል ነው። የዚያን ቀን ጎል።

የዚያን ቀን የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ካሸነፍን ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን እናልፋለን፣ እኩል ከወጣን እንቀራለን። ሌላም ነገር ነበር። የግመል ፀጉር ካፖርት የለበሰ ሰው ከኮርናው አጠገብ ቆሟል፤ ደሞዝ ከሚከፍል ክለብ ተጫዋች ሊመለምል የመጣ ሰው ነው፣ የመጣውም ለተኽለ ነው። ተኽለ ጠዋት ማበጠሪያዋን ስሞ ነው የወጣው። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከመስመር ዳኞቹ አንዱ ባቡር ተበላሽቶበት ቀረ። እንዲህ ሲሆን የመሐል ዳኛው ከባለሜዳው ክለብ አንድ ሰው ይጠይቃል፤ በዚያ ሊግ የተለመደ ነው። የተለመደ ሌላም ነገር አለ፤ የክለቡ ሰው ባንዲራ ሲይዝ ለተጋጣሚው እጁ ረጅም፣ ለራሱ ክለብ ደግሞ አጭር ይሆናል። ሁሉም ያደርገዋል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ሬይ ግን ተናገረ።

«ፕሮፌሰር» አለኝ፣ እንዲያ ነበር የሚጠሩኝ፤ «እነሱ ሲያጠቁ አውለብልብ፣ እኛ ስናጠቃ እጅህ ይታመም።»

«ሕጉን አንብቤዋለሁ» አልኩት።

«ሕጉን ተወው፣ ባንዲራውን ያዝ።»

ያዝኩ። በዚያ ሜዳ ላይ እንደ እኔ የሮጠ የመስመር ዳኛ አልነበረም። ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር እኩል፣ በጎኔ እየሮጥኩ፣ ዓይኔን ሳልነቅል። አንድም የእጅ ውርወራ አልተሳሳትኩም፤ የመሐል ዳኛው ራሱ በእረፍት ሰዓት አውራ ጣቱን አንስቶልኛል። ውጤቱ እኩል ለእኩል ሆኖ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከመሐል ሜዳ ረጅም ኳስ ተሻገረ። ኳሱ ከመቺው እግር ሲለቅ ተኽለ ከመጨረሻው ተከላካይ አልፎ ነበር፤ ኦፍሳይድ ነው። በጫማ አይደለም፣ በትከሻ አይደለም፣ በሙሉ ሰውነቱ አልፎ ነበር። ኳሱ ገና አየር ላይ ሳለ ባንዲራዬን አነሳሁ። አጥብቄ፣ ቀጥ አድርጌ፣ ጨርቁ ነፋሱን ሲመታ እስኪሰማ ድረስ አነሳሁ።

ማን አየኝ? ማንም። ሕዝቡ ሁሉ የሚያየው ኳሱን ነበር። ዳኛው ወፍራም ነበር፤ ከመሐል እያለከለከ ሲመጣ ወደ እኔ የዞረው ዘግይቶ ነው፣ ፊሽካውንም የነፋው ኳሱ መረብ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በዚያችው ቅጽበት ደግሞ ባቡር አለፈ፣ ፊሽካውን ዋጠው። ተኽለ ምንም አልሰማም። ማልያውን አወለቀ፣ እያውለበለበ ወደ ግመል ካፖርቱ ሰውዬ ሮጠ፣ ፊቱ ተንበርክኮ አማተበ። ከኋላው ማንም አልተከተለውም። ዞር ሲል ጓደኞቹ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው ቆመዋል፣ የተጋጣሚው ደጋፊዎች ይስቃሉ፣ እኔ ደግሞ ባንዲራዬን እንዳነሳሁ ነኝ። ራቁት ደረቱን ይዞ ያን ሁሉ ሜዳ ተመልሶ ሄደ። ሳቁን እስካሁን እሰማዋለሁ። የግመል ካፖርቱ ሰውዬ ጨዋታው ሳያልቅ ወጣ።

እኩል ወጣን። አላለፍንም። ሬይ ባንዲራውን ከእጄ ነጥቆ ወደ ሐዲዱ ወረወረውና ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳላይህ አለኝ። ቢራ የደፉብኝም ነበሩ፤ ካፖርቴ ሳምንት ሙሉ ሸተተች። ተኽለ ልብሱን ሳይቀይር መጣና ፊቴ ቆመ። «ቀንተህ ነው» አለኝ። «ትሪ አጣቢ ሆነህ ልትቀር ስለሆነ እኔንም አስቀረኸኝ።» ያን ዕለት ጃኬቱንና ካሴቱን ይዞ ከክፍላችን ወጣ። ከሳምንት በኋላ ወሬው በሐበሻው ሁሉ ተሰምቷል፤ «በየነ ጎሉ እስኪገባ ጠብቆ፣ ገብቶ ሲያይ ነው ባንዲራውን ያነሳው» የሚል። ልዩነቱን አስቡት። ከጎሉ በፊት ያነሳ ሰው ሕግ አክባሪ ነው። ጎሉ እስኪገባ ጠብቆ የሚያነሳ ሰው ምቀኛ ነው። እኔን ምቀኛ አድርጎ ለንደንን በሙሉ አዳረሰኝ። ስሜ «በየነ ባንዲራ» ሆነ። ሚስት ለማግባት ሽማግሌ ስልክ እንኳ የልጅቷ አጎት «ያ የአገሩን ልጅ እንጀራ የቆረጠው?» ብሎ ጠየቀ። እሱ ከዚያ ወዲያ አንድም መልማይ ዞር ብሎ አላየውም፤ አንድ ሁለት ዓመት ተጫውቶ ተወው፣ ሚኒካብ ታክሲ ነድቶ ጡረታ ወጣ። ማበጠሪያዋም ሥራ ፈታች፣ ፀጉሩ አልቋል።

እንግዲህ በዚያች የመጨረሻ ቅዳሜ ሦስታችን ጥላ ካለው መቀመጫ አንድ ረድፍ ላይ ተቀመጥን፤ ሰናይት በመሐላችን። ተኽለ ለፊተኞቹ ወንበሮች፣ ለማያውቃቸው እንግሊዛውያን ሳይቀር፣ ወሬውን አወራ። እጁን አንስቶ እንዴት ዘግይቼ እንዳነሳሁ አሳያቸው። እኔ ጨዋታውን አየሁ። በእኛ በኩል ያለችው የመስመር ዳኛ ፀጉሯን ወደኋላ ያሰረች ወጣት ሴት ናት። ሩጫዋን ወደድኩት፤ ከተከላካዩ እኩል፣ በጎኗ እየሮጠች። የእኔን ሩጫ ነው የምትሮጠው አልኩ በልቤ።

በሁለተኛው አጋማሽ ሻማ ሠሪዎቹ ጎል አገቡ። ሜዳው ፈነዳ፤ ሰው ተቃቀፈ፣ የፎቅ ሻጮቹ እንኳ አጨበጨቡ። ከዚያ ፊሽካ ተነፋ። ልጅቷ ባንዲራዋን አንስታ ቆማለች። ያ ሁሉ ሕዝብ አፉን ከፈተባት። የተባለውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ተኽለ ነበር፤ በመከረኛ ጉልበቱ ተነስቶ፣ «ዕውር! ጎሉ ከገባ በኋላ ነው ያነሳሽው! ሂጂ ወደ ቤትሽ!» ይላል፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም።

ተነሳሁ። «ጎበዝ!» አልኳት፣ በእንግሊዝኛ፣ እንደ ሬይ አድርጌ። «ትክክል ነሽ! እንዳታወርጂው!»

ረድፉ ሁሉ ዞረብኝ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ «ቁጭ በል አያቴ፣ ሳትወድቅ» አለኝ። «አንተ ቁጭ በል፣ ሕጉን ሳታነብ» አልኩት።

ተኽለ አፈጠጠብኝ። «አሁንም? አሁንም ከጎሉ በኋላ ሲነሳ ታጨበጭባለህ?»

«አባዬ፣ ከጎሉ በፊት ነው ያነሳችው» አለች ሰናይት።

«ምን?»

«እኔ እሷን ነበር የማያት። ኳሱ ገና ወደ ልጁ ሲሄድ አነሳች። አንተ ኳሱን ስታይ ነበር።»

ተኽለ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እሷ ግን አልተወችውም። የካውንስል ሰው ናት፣ መጠየቅ ታውቅበታለች።

«ያኔስ? የጋሽ በየነን ባንዲራ ሲነሳ አይተኸው ነበር?»

«አጥቂ ባንዲራ አያይም። ኳስና ጎል ነው የሚያየው።»

«ሶ፣ ዘግይቶ እንዳነሳ ማን ነገረህ?»

«ሬይ ነዋ። ነፍሱን ይማርና፣ በዓይኑ በብረቱ አይቶ ነው የነገረኝ።»

ይህችን ቀን ነበር የጠበቅኋት። ጣቴን ወደ ግንቡ ቀሰርኩ፤ ከአሠልጣኙ አግዳሚ ወንበር ኋላ ያለው ያው ግንብ።

«ሬይ በመጨረሻው ደቂቃ ፊቱ የት ነበር?» አልኩት። «አንተ ተናገር። አስመስለህ ታሳየን የነበርከው አንተ ነህ።»

ግንቡን አየ። ሬይ ወደ ግንብ ዞሮ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው መሆኑን እሱ ካልተናገረ ማን ሊናገር ነው? በዚያ ሜዳ ላይ ባንዲራዬ መቼ እንደተነሳ ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከእኔ በቀር።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሺ፣ ኦፍሳይድ ልሁን። ያገርህ ልጅ አልነበርኩም ወይ? በአንድ ክፍል አልኖርንም ወይ?»

«ያገሬ ልጅ ስለሆንክ ነው ቶሎ ያነሳሁት። አይተህ እንድትቆም። ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ልብስህን አውልቀህ እንዳትሮጥ ብዬ ነው።»

ይህን አላሰበውም ነበር። ፊቱ ላይ አየሁት። ዓይኑ ወደዚያ ጥግ ሄደ፣ የግመል ካፖርቱ ሰውዬ ወደቆመበት። ይቅርታ የሚለኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን ተኽለ ነው።

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?» አለ። «ባንዲራ ምን ያደርግልኛል? ‹ተኽለ፣ ቁም!› ብትለኝ በዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መሐል ያንተን ድምፅ እሰማው ነበር።»

«የመስመር ዳኛ አይጮህም» አልኩት። «ሕጉ አይፈቅድም።»

«ሕጉ!» አለ፤ ምራቁን ዋጠ፣ ምርኩዙን አነሳ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ወጣ። ሰናይት ተከተለችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ እጇን አነሳችልኝ። እኔ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ቆየሁ። ሰው ሁሉ ለመታሰቢያ ከሜዳው ሣር ሲነቅል፣ እኔ የመስመር ዳኛዋን ከመልበሻ ክፍሉ በር ጠብቄ ሩጫሽ ጥሩ ነው፣ ክርንሽን ግን ቀጥ አድርጊ አልኳት። አመሰገነችኝ። ማመስገንም አለባት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ተኽለ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ፣ ወሬውን ለአዲስ ሰዎች ያወራ ነበር። ከኋላ ሻይ እየጠጣሁ መኖሬን አላየም። ወይም አይቷል። «ኦፍሳይድስ ነበርኩ» ሲል ሰማሁት፤ «እሱን አልክድም፣ በሙሉ ሰውነቴ አልፌ ነበር። ግን በየነ ዘግይቶ ነው ያነሳው።»

ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። የእውነቱ ግማሽ ከአፉ ወጥቷል። የቀረውን ግማሽ እጠብቃለሁ። እሱ ስኳር አለበት፣ ደም ብዛት አለበት፣ ጉልበቱ ያለ ቅባት አንድ ፌርማታ አይሄድም። እኔ ጠዋት ጠዋት ገበያውን ዞሬ በእግሬ እመለሳለሁ። መነጽር የማደርገው ለማንበብ ብቻ ነው፤ ሩቁን ዛሬም አጥርቼ አያለሁ።